በመሐለኛዋ መሽኛ ሥር

ሰው የሚያመሰግንበትን ቦታ አይመርጥም። አንዱ ጠበል ሥር ቆሞ ያመሰግናል፣ ሌላው ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ። እኔ በሕይወቴ ከልቤ ያመሰገንኩት ነቀምት ውስጥ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የወንድ መምህራን ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ምግብ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እኔ አልቸኩልም። ወጉም ቢሆን አድሮ የሚሸት አይደለም፤ ሽታው ከመጀመሪያውም አለበት።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። ተመድቤ ወደ ወለጋ ስመጣ አውቶቡሱ ባኮን አልፎ አኖ ላይ ለአፍታ ቆመ። ወርጄ አንዱን ሰው ነቀምት ስንት እንደቀረ ብጠይቀው፣ ሰውዬው አነጋገሬን ሰማና መልሱን ከመስጠቱ በፊት የያዘውን የበቆሎ ጥብስ ገምሶ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ሰው እጅ ስበላ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት ሁሉ የእኔ፣ ደግነቱ ሁሉ የእነሱ መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ነገሩ የተጀመረው በስብሰባ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት በስብሰባ ያልተጀመረ ጣጣ የለም። ክረምቱ ሊገባ ሲል የፈተና ፕሮግራም ልናወጣ መምህራን ክፍል ተቀምጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የመምህራን ክፍሉንና የወንዶቹን ሽንት ቤት የሚለያቸው አንዲት ጠባብ ኮሪደር ናት፤ አንዱ ሲወጣ በሩን ሳይዘጋው ቀረና ያ ሽታ ገብቶ ከእኛ ጋር ተሰበሰበ። ሁሉም ዝም አለ። አዋቂ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ይላል። እኔ እጄን አወጣሁ።

የሽታው ስም አሞኒያ እንደሆነ አስረዳሁ። ከምን እንደሚመጣ፣ ዓይን ለምን እንደሚቆጠቁጥ፣ ሊሾ ላይ ሲጠራቀም ሲሚንቶውን እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚበላው በዝርዝር ተናገርኩ። እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ክፍል ውስጥ አስተምሬ አላውቅም። መፍትሔው ሳይንሳዊ መሆን አለበት ብዬ ስቀመጥ ርዕሰ መምህራችን አመሰገነኝ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ወደ ትምህርት ቤታችን ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ፣ ሁሉም ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር የሚወድ ሰው ነው። ወዲያው የሽንት ቤት ንጽሕና ኮሚቴ አቋቁሞ ሰብሳቢ አድርጎ ሾመኝ። ሁለት አባላትም ተመደቡልኝ። አንደኛው ኦቦ ሂርጳ፣ ጡረታ የተቃረቡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ተኝተው ስለነበር አልተቃወሙም። ሁለተኛዋ አዴ ድንቄ ናቸው፤ ኦቦ እዚህ አገር እንደ አቶ፣ አዴ ደግሞ እንደ ወይዘሮ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። ስብሰባው ላይ ስላልነበሩ የጠየቃቸውም የለም።

ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሦስት ነጫጭ መሽኛዎች ተሰቅለዋል። የግራና የቀኟ ሥር ወለሉ ደህና ነው። የመሐለኛዋ ሥር ግን ሊሾው ተበልቶ ጠጠሩ አግጧል፤ ጎድጉዶ አቁሯል። ያ ያቆረ ነገር ደግሞ በየሰው ጫማ እየተጫነ ኮሪደሩን ይሻገርና መምህራን ክፍል ይገባል። አንድ ጊዜ እዚያው ፈተና ሳርም አንድ ወረቀት ከእጄ ወደቀ። ልጁ ከመቶ ዘጠና አምስት ነበር ያመጣው፤ ወረቀቱን ስመልስለት ግን አፍንጫውን ይዞ፣ እንደ ወደቀ ሰው አዝኖ ነው የተቀበለኝ።

አዴ ድንቄ ያንን ወለል በቀን ሦስት ጊዜ ያጥቡታል። የቧንቧ ውሃ ስለማይታመን ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ያጠራቅሙና በባልዲ እየተሸከሙ ይገባሉ። ይህን ሁሉ በየቀኑ እያየሁ አንድ ጊዜ እንኳ ምን ይሻላል ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ሰብሳቢው እኔ ነኛ።

የመጀመሪያው እርምጃዬ ማስታወቂያ ነበር። ክቡራን መምህራን ወደ መሽኛው ቀረብ ብለው እንዲጠቀሙ የሚል በአማርኛ ጽፌ ከመሽኛዎቹ በላይ ለጠፍኩ። ኦቦ ሂርጳ አይተውት በኦሮምኛም ይኑር አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አገሩ የሚነጋገረው በእሱ ነው። ልርዳህ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ሰባት ዓመት የተቀመጠ ሰው ሁለት ቃል መጻፍ ያቅተዋል እንዴ? ቅረቡ ለማለት "ዺያዻ" ነው የሚባለው። እኔ የጻፍኩት "ዺቀዻ" ነው፤ ታጠቡ ማለት ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለጆሮ ትንሽ ነው፣ ለእጅ ግን ትልቅ ሆኖ ተገኘ።

ሁለት ቀን ማንም ምንም አላለኝም። በሦስተኛው ቀን ለጉብኝት የመጣ አንድ የተከበረ እንግዳ ፊቱን በመሐረብ እያደራረቀ ከሽንት ቤቱ ወጣና፣ ውሃችሁ ቀጭን ነው እንጂ ቀዝቃዛ ነው ብሎ አመሰገነን። ምን እንደሆነ የገባን ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረን ዝናቡን ማየት ጀመርን። አዴ ድንቄ ማስታወቂያዬን ከግድግዳው ላይ በቀስታ አነሱት፤ በአራት አጥፈው የኮት ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ሳይንስ ሆነ። ከቤተ ሙከራው ትንሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀንሼ መጣሁ። ሐሳቤ መሽኛው ላይ የደረቀውን ቢጫ ቅርፊት ማስለቀቅ፣ በዚያው ደግሞ ወለሉን ማንጻት ነበር። አሲድ ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚከተል በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ ቀስት አድርጌ ጋዝ ይወጣል ብዬ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቼም ይገለብጣሉ። እንግዲህ ወጣ። ሊሾው እንደ ጉሽ ጠላ ፈላ፤ ተንፈቀፈቀ፤ እኔም እያሳልኩ ወደ በሩ አፈገፈግሁ። ሲረጋ ገብቼ ባየው ጉድጓዱ በስፋትም በጥልቀትም አድጎ ጠበቀኝ። የሰው ሽንት በዓመታት ያልሠራውን እኔ በአምስት ደቂቃ ሠራሁት።

አዴ ድንቄ ሁለት ባልዲ ውሃ ቸለሱበትና መስኮቱን ከፈቱ። ከዚያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጉድጓዱን አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

"ባርሲሳ" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። "ይኼ ወለል ምን አደረገዎት?"

ወለሉን ማዳን ካቃተኝ እሸፍነዋለሁ ብዬ ሦስተኛውን እርምጃ ወሰድኩ። ገበያ ወርጄ ትልልቅ ጽጌረዳ የታተመበት የፕላስቲክ ምንጣፍ አስቆረጥኩ። ነጋዴዋ ለሳሎን ነው ወይስ ለመኝታ ቤት ብላ ስትጠይቀኝ፣ ብዙ ሰው የሚቆምበት ቤት ነው አልኳት። መረቀችኝ። አዴ ድንቄ ምንጣፉን ሲያዩት እየዳሰሱ ከሥሩ ምን ሊሆን ነው አሉኝ። ከሥሩ ምንም አይሆንም፣ ፕላስቲክ ውሃ አያሳልፍም ብዬ አስተማርኳቸው።

ፕላስቲክ በእርግጥ ውሃ አያሳልፍም። ከጠርዝ ግን ይገባል። ገብቶ ደግሞ አይወጣም። በሳምንቱ ምንጣፉ ከላይ ሲያዩት የደረቀ፣ ሲረግጡት የሚዋኝ ነገር ሆነ። ይህንን በተግባር ያረጋገጥኩት ራሴ ነኝ። አንድ ጠዋት የተገለበጠ ጠርዙን በእግሬ ላስተካክል ስል ምንጣፉ ወደ በሩ፣ እኔ ወደ ግድግዳው ሄድን። ግራ እጄን አስቀድሜ ወደቅሁ፤ አንጓዬ ቀጭ አለ። ከጽጌረዳዎቹ መካከል የትኛው ላይ፣ በምን ውስጥ እንደተጋደምኩ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ድምፄን የሰሙት አዴ ድንቄ ብቻ ነበሩ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ በብብቴ ሥር ገብተው እንደ ገለባ ነዶ አነሱኝ። ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዱ ከወገቤ በታች አፈሰሱብኝና የገዛ ነጠላቸውን አስታጥቀው በጓሮ በር አስወጡኝ። ደውሉ ሊደወል ጥቂት ነበር የቀረው። መምህራኑ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ዝናቡ ነው፣ በር ላይ ያለው ቀይ ጭቃ አንሸራቶት ነው አሉ። አዴ ድንቄ እሑድ እሑድ ቸርች ከመዘምራን ጋር የሚቆሙ ሴት ናቸው፤ ሐሰት ከአፋቸው አይወጣም። ለእኔ ሲሉ ግን ጭቃውን በሐሰት ወነጀሉት።

እጄ አልተሰበረም፤ ወለምታ ነበር። እሳቸው ግን አላመኑም። ለአጥንት አንጮቴ ነው አሉ። አንጮቴ ለማታውቁት፣ የወለጋ ምድር የሚያበቅለው ሥራ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ ተልጦ በቅቤ ሲሆን የታመመውን ያድናል፣ ያልታመመውን ደግሞ በታመምኩ ያሰኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሳህን እየሸፈኑ፣ የምሳ ሰዓት ላይ እያመጡ አበሉኝ። እኔም እጄ ከዳነ በኋላ አራት ቀን ያህል ሳልናገር በላሁ።

እንዲህ የተደረገለት ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ሪፖርት ጻፍኩ።

ርዕሰ መምህሩ የኮሚቴውን ክንውን በጽሑፍ አቅርብ አለኝ። ማስታወቂያውን፣ አሲዱንና ምንጣፉን በምን አፌ ልጻፋቸው? ጭንቅ ሲይዘኝ እንደማደርገው፣ ማንንም የማይነካ የመሰለኝን ቃል ፈለግሁ። በጽዳት ረገድ በታዩ ክፍተቶች ምክንያት የታቀደው ውጤት አልተገኘም ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ክፍተት የምትለዋ ቃል ሪፖርት ውስጥ እንደ ጨው ናት፤ ሁሉም ይጨምራታል፣ የሚቀምሳት የለም። ርዕሰ መምህሩ ግን ቀመሳት። ጽዳት ላይ ክፍተት ካለ ክፍተቱ የጽዳት ሠራተኛዋ ነው ብሎ ተረዳ። ምን ያድርግ፣ የተጻፈውን ነው ያነበበው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንጮቴዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ የቢሮው ጸሐፊ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ነገረችኝ። የአዴ ድንቄ ኮንትራት በዓመቱ መጨረሻ እንዳይታደስ ደብዳቤ ተጽፏል፤ ገና አልደረሳቸውም፣ ሰኞ ይፈረማል። ዘጠኝ ዓመት የሠሩበት ቦታ ነው። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሳህኑ የእሳቸው፣ ምግቡ የእሳቸው፣ የታጠቅሁት ነጠላ እንኳ ገና ታጥቦ አልተመለሰም፤ ቤቴ ተሰቅሏል።

እየሮጥኩ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ሴትዮዋ ምንም ጥፋት የለባቸውም አልኩት። እሱም በትሕትና ሪፖርቴን አውጥቶ ፊርማዬን አሳየኝ። ከዚያ ጥፋቱ የጽዳት ካልሆነ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ወለሉ የተበላው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው አለ ማለት ነው፣ ካወቅከው ንገረኝ አለኝ። አጥፊውን ይዤ እንደምመጣ ቃል ገብቼ ወጣሁ። አንድ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ መከራ አምጥቶ ዝም ብሎ መቀመጡ አንገበገበኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ኅሊና ቢስ ይሆናል እያልኩ ነው ኮሪደሩን የጨረስኩት።

ከትምህርት ቤቱ ማዶ ካለው እንጨት ቤት አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ለመንኩ። በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ጽጌረዳዎቹን ጠቅልዬ አወጣሁና ወለሉን በሙሉ አለበስኩት። ሰጋቱራ ፈሳሽ ይጠጣል፣ የረገጠውንም ጫማ ያትማል። ያን ቀን እንደ ወትሮዬ አስተማርኩ፣ እንደ ወትሮዬ ሻይ ጠጣሁ፣ እንደ ወትሮዬ ወጣሁ ገባሁ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ገብቼ አጎንብሼ አነበብኩት።

በግራና በቀኟ መሽኛ ሥር የብዙ ሰው ጫማ ተረጋግጧል፤ ሁሉም ከግድግዳው ተጠግቶ የቆመ ነው፣ ሰጋቱራውም ደረቅ ነው። በመሐለኛዋ ፊት ግን የአንድ ሰው ጫማ ብቻ ነበር። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ከግማሽ ርቆ ቆሟል። ከጫማውና ከመሽኛው መካከል ያለው ሰጋቱራ ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ እንደ ገንፎ ተጋግሯል። የግራው ተረከዝ ጠርዙ እንደ ጨረቃ ተቆርሷል። ወረቀት አውጥቼ ልኩን በእርሳስ ገለበጥኩት።

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ቀናት በሰው እግር ሥር ኖርኩ። መምህራን ክፍል ጠመኔ ጥዬ ላነሳ እጎነበሳለሁ። የስፖርት መምህሩ ምን ጠፍቶህ ነው ብሎ አብሮኝ መፈለግ ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ ጨዋ ነው ብዬ የማምነው የሒሳብ መምህር እንኳ እግሩን ሲያነባብር አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ተረከዙ ሙሉ ነበር። ኦቦ ሂርጳን ማጣራት ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር፤ ተኝተዋላ። ግራ እግራቸውን በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ ሳነሳ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ልትገዛልኝ ከሆነ ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ከወንበሮቹ ሥር ያለውን የጫማ ዱካ ስቃኝ አዴ ድንቄ መጥረጊያ ይዘው ገቡ። ምን እየፈለግሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደብዳቤውን ልነግራቸው አልደፈርኩም፤ ወረቀቱን ግን እንደ ምስጢር ዘርግቼ አሳየኋቸው፣ አጥፊው ሊያዝ ትንሽ እንደቀረውም በኩራት ገለጽኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"ባርሲሳ፣ እስቲ እግርዎን ያንሱ።"

"የትኛውን?"

"ግራውን።"

ቆሜ ጠረጴዛውን ተደግፌ ወደ ኋላ አነሳሁላቸው፤ ኮቴው ሊታይ እንደሚነሳ ፈረስ። ወረቀቱን ከጫማዬ ሥር ለጠፉት። አንገቴን አዙሬ ስመለከት ጨረቃዋ በጨረቃዋ ላይ ገጥማለች።

ተማሪ ሳለሁ አንዲት ሱሪ ብቻ ነበረችኝ። እንዳይረጭባት ብዬ ከመሽኛ መሸሽ ጀመርኩ፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሸሸሁ። ሱሪዋ ካለቀች ቆየች፣ ሽሽቱ ግን አብሮኝ ቀረ። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ርቀት መድረሱን እንደ ችሎታ ነበር የምቆጥረው። የማይደርሰው ወዴት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም።

"መቼ ነው ያወቁት?" አልኳቸው፤ እግሬን አወረድኩ።

"በመጡበት ዓመት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

መጥረጊያቸውን አነሱ፤ መልሰው አስደገፉት። "እንግዳ ነዎታ" አሉ። "ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ውሃ ይሰጡታል፣ የሚበላ ይሰጡታል። እንዲህ አድርገህ ሽና ይሉታል?"

"ሰባት ዓመት ሙሉ እንግዳ?"

"ሰው አገሩን ሲለምድ ይጠጋል ብዬ ነው" አሉኝ። "ስጠብቅዎት ነበር።"

መጥረግ ጀመሩ። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሪፖርቱን፣ ክፍተቱን፣ ሰኞ የሚፈረመውን ደብዳቤ። እየጠረጉ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ እግርዎን ያንሱልኝ፣ ከሥሩ ልጥረግ አሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሰዓት ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ዓርብ ስብሰባ ነበር። እጄን አወጣሁ። ባልደረቦቼ ሰዓታቸውን ተመለከቱ፤ ስናገር ያውቁኛል። ያን ቀን ግን በዕድሜዬ አጭሩን ንግግር አደረግሁ። የመሐለኛዋን ወለል የበላሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከሩቅ ስለምቆም ነው። አሲዱንም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። አዴ ድንቄ ላይ ምንም ክፍተት የለም፤ ሪፖርቱን የጻፍኩት ራሴን ልሸፍን ነው። ተቀመጥኩ።

ሳቅ ጠብቄ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። በመጨረሻ ኦቦ ሂርጳ አገጫቸውን ከደረታቸው ላይ ቀና አደረጉ።

"ይኼን ለመስማት ነው የተሰበሰብነው?" አሉ። "ሁላችንም እናውቃለን እኮ።"

የሒሳብ መምህሩ፣ ለዚህ አይደል የመሐለኛዋን ለአንተ የተውንልህ አለ። የስፖርት መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሰባት ዓመት ስገባ ሁልጊዜ የመሐለኛዋ ባዶ ሆና የምትጠብቀኝ፣ መምህራኑ ስለሚያከብሩኝ ይመስለኝ ነበር። ነገሩን የማያውቀው ርዕሰ መምህሩ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ዓይነት ነገር ለምን እንዳልተነገረው ጠየቀ፤ ኦቦ ሂርጳም በምን ቃለ ጉባኤ እንያዘው አሉት። እንደ ምንም ፈገግ አለ። ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥቶ ለሁለት ቀደደና፣ መቀደዱም እንዲሰፍር አዘዘ። ከዚያ ኦቦ ሂርጳ፣ ወለሉን የምታጥበውን ሰው እስከ ዛሬ ማን ጠየቃት አሉ። የጠየቀ አልነበረም። አዴ ድንቄ ተጠሩ።

እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ እያደረቁ ገብተው በሩ ጋ ቆሙ። ወንበር ሰጠናቸው። ለዘጠኝ ዓመት ያሰቡት ነገር ስለነበር ማሰቢያ ጊዜ አልፈለጉም። ወለሉ ሲፈስ ተገልብጦ ነው የፈሰሰው አሉ፤ ውሃው ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው መሄድ ሲገባው ወደ በሩ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ባርሲሳ ቢጠጉም ባይጠጉም ያቁራል። ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም፤ እኔ ግን ከጫንቃዬ ግማሹ ሸክም ሲወርድ ተሰማኝ። ግማሹን ለማናውቀው ግንበኛ አካፈሉት። ሊሾው ተነስቶ ወደ ቀዳዳው ዘቅዝቆ ይፍሰስ፤ ከመሽኛዎቹ ፊት አንድ ክንድ ተኩል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እስከ ጉልበት ሴራሚክ ይለበስ፤ በርሜሉ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ጎማ ይግባለት፣ በባልዲ መሸከም ይቅር። ሊወጡ ተነስተው አንድ ነገር ጨመሩ። ሴራሚኩ ሻካራ ይሁን፣ ለስላሳው ሰው ይጥላል አሉ።

ሥራው የተሠራው ተማሪ ሲበተን ነው። ግንበኛ መጣ። እኔ በዳነው እጄ አሸዋ አመላለስኩ፣ የስፖርት መምህሩ የተቆፈረውን ሊሾ በጋሪ አወጣ፣ ኦቦ ሂርጳ ወንበር አስመጥተው እየተቆጣጠሩ ተኙ። ሴራሚኩ ደርቆ ሊረገጥ ሲችል ግንበኛው አዴ ድንቄን ጠራቸው። በብርጭቆ ውሃ ይዘው መጡና በሩ ጋ ሆነው ትንሽ አፈሰሱ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ውሃው ለአፍታ አመነታ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ መንገድ እንደሚያውቅ ሰው፣ የመሐለኛዋን ሥር አልፎ ወደ ቀዳዳው ገባ።

"ጋሪ" አሉ አዴ ድንቄ፤ ጥሩ ነው ማለት ነው። ኮንትራታቸው ታደሰ። ያንን ወለል አሁን የሚያጥቡት በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በጎማ፣ ቆመው።

እኔ ለዚህ አገር ሰው ምስጋናዬን እንዴት እንደምገልጽ ግራ ይገባኛል። ሲያበሉ ማመስገን ይቻላል፣ ሲያነሱም ማመስገን ይቻላል። ሰባት ዓመት እያወቁ ዝም ላሉት ግን ምን ተብሎ ይመሰገናል? አንድ ሙሉ የመምህራን ክፍል ሽታውን ተሸክሞ፣ አንዲት ሴት ባልዲዋን ተሸክማ፣ እኔ እንዳላፍር ጠበቁኝ። ነጠላቸውን አጥቤና ተኩሼ መለስኩላቸው፤ እሱ ምስጋና አይደለም፣ ዕዳም አይከፍልም፤ ግን መለስኩላቸው።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ቀን የሻይ ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ገባሁ። ተጠጋሁ። ጉልበቴ ሴራሚኩን እስኪነካ ተጠጋሁ። ሱሪዬ ላይ አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። ያን ሁሉ ዓመት ከምን ስሸሽ እንደኖርኩ እያሰብኩ ወጣሁ።

ሳስተውለው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ በር ስወጣ አዴ ድንቄን ኮሪደሩ ላይ መወልወያ ይዘው ቆመው ሳላገኛቸው ቀርቼ አላውቅም። ሰላም ብለውኝ፣ አሳልፈውኝ ይገቡ ነበር። የአጋጣሚ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን መወልወያ አልያዙም። መምህራን ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነው። አጠገባቸው ሌላ ብርጭቆ ሻይ ተቀድቶ ተቀምጧል። ሲያዩኝ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ና፣ ተቀመጥ" አሉኝ። "ሻይህ ሊቀዘቅዝ ነው።"

ሰባት ዓመት ይምጡ፣ ይቀመጡ ሲሉኝ የኖሩ ሴት ናቸው። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።